ጀሶ ከተፈታ በኋላ የከሳ ጭንን በኮረንቲ ማነቃቂያ ማበርታት፦ ለቤት ውስጥ የሚሆን መመሪያ

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከየካ አባዶ ተነስቶ መሀል ከተማ ወዳለ የፊዚዮቴራፒ ክፍል በሳምንት 3 ቀን መመላለስ ለጤነኛ ሰውም አድካሚ ነው። ጀሶው ገና ለተፈታለት፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ታክሲ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ መቀመጥ ላቃተው ሰውማ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ትንሿን የኮረንቲ ማነቃቂያ ከመርካቶ ይገዛል ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይልክለታል። ቤት ለቤት እየዞርኩ ሕክምና ስሰጥ መሣሪያው ከቁም ሳጥን ይወጣና «ይኸው፣ ሞክረነው ነበር፤ ምንም አልፈየደም» እባላለሁ። ከፍቼ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ደህና ነው። ወይ ፓዱ (ኮረንቲውን ወደ ቆዳ የሚያስገባው ተለጣፊ) የተለጠፈው ያለ ቦታው ነው፣ ወይ የተመረጠው ፕሮግራም የሕመም ማስታገሻው ነው፣ ወይም ደግሞ (ይሄኛው ይበዛል) ታካሚው ጋደም ብሎ ስልኩን እየነካካ ማሽኑ ብቻውን እንዲሠራለት ሲጠብቅ ነበር።

እዚህ የማሳየው በዋናነት አንድ ነገር ነው፦ ከስብራት፣ ከጉልበት ጉዳት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የከሳውንና አልታዘዝ ያለውን የፊት ጭን ጡንቻ መቀስቀስ። የወገብ ሕመም፣ ስትሮክና የፊት መጣመም ኋላ ላይ በአጭሩ ይነሳሉ።

ኮረንቲው ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

«ልጄ፣ ይሄ ያው የሚገድለው ኮረንቲ አይደለም እንዴ?» ብለው የጠየቁኝ እናት ነበሩ። መጠየቃቸው ልክ ነው። የግድግዳው መብራት 220 ቮልት ነው፤ አያቋርጥም፤ ልብን አቋርጦ ካለፈ ይገድላል። ማነቃቂያው የሚልከው ግን ከባትሪ የሚመነጭ አጭር አጭር ምት ነው። አንዱ ምት የሚቆየው ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ እንኳ ላነሰ ጊዜ ነው፤ በሁለቱ ፓዶች መካከል ባለው ሥጋ ብቻ አልፎም ይመለሳል። ለዚህም ነው ፓዶቹ የሚለጠፉበት ቦታ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው፤ በመካከላቸው ልብ መኖር የለበትም።

ነርቭ በተፈጥሮው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ሲያርፍ ውስጡ ከውጪው 70 ሚሊ ቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ልዩነቱ ወደ 55 ግድም ሲጠብ ነርቩ ይነሳል፣ መልእክቱ ወደ ጡንቻው ይወርዳል፣ ጡንቻውም ይኮማተራል። በጤናው ጊዜ ትእዛዙ ከአንጎል ይመጣል፤ መሣሪያው ደግሞ ያንኑ ነርቭ መንገድ ላይ ይቀሰቅሰዋል። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲፈራገጥ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1791 ያሳተመው ግኝት ይኸው ነው። እንዲያውም ሰው በኮረንቲ መታከም የጀመረው ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው፤ በሮማውያን ዘመን የነበረው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ ለራስ ምታትና ለሪህ የሚነዝር የባሕር ዓሣ ያዝዝ ነበር።

ሦስት ነገሮችን ከያዙ የቀረውን መመሪያ ራስዎ ሊያወጡት ይችላሉ።

አንደኛው፣ ነርቮች የሚነቁት በተራ ነው። መጠኑን ከፍ ሲያደርጉ መጀመሪያ የሚነሱት የመዳሰስ ስሜት የሚያመላልሱት ወፍራሞቹ ነርቮች ስለሆኑ ይነዝርዎታል። ትንሽ ሲጨምሩ ጡንቻ የሚያዙት ይነሱና ጭንዎ ይጨመደዳል። ከዚያም ካለፉ ቀጫጭኖቹ የሕመም ነርቮች ይቀሰቀሳሉ። ስለዚህ መጠኑን የሚነግርዎ የመሣሪያው ቁጥር ሳይሆን የራስዎ ስሜት ነው። ጎረቤትዎ በ25 ተሻለኝ ካሉ 25 የእርሳቸው ነው፤ በእርስዎ ጭን ላይ ምንም ላይሠራ ወይም ሊያስጮህዎ ይችላል።

ሁለተኛው፣ በኮረንቲ የታዘዘ ጡንቻ ቶሎ ይደክማል። እኛ ራሳችን ስንንቀሳቀስ አንጎል የጡንቻ ክሮችን እያፈራረቀ ያሠራቸዋል፤ ቀላል ሥራ ሲሆን ትንንሾቹን፣ ሲከብድ ትልልቆቹን። ኮረንቲ ግን ማፈራረቅ አያውቅም። ፓዱ ሥር ያሉትን ክሮች በአንድ ጊዜ፣ እነዚያኑ ደጋግሞ ይጠራል። እረፍቱ ከሥራው የሚረዝመው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ ጉልበት ሲጎዳና ሲያብጥ የፊት ጭን ጡንቻ የሚሰንፈው ሥራ ስለፈታ ብቻ አይደለም። ካበጠው መገጣጠሚያ የሚመጣው መልእክት አከርካሪ ላይ ለጡንቻው የሚሄደውን ትእዛዝ ያፍነዋል። ሰውዬው እግሩን ለማንሳት ይፈልጋል፣ ይሞክራል፣ ጭኑ ግን ዝም። ኮረንቲው ጥቅም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ የታፈነውን ትእዛዝ ዘሎ ጡንቻውን ይጠራዋል። እርስዎ በዚያው ቅጽበት አብረው ካልጨበጡ፣ ማለትም የጭንዎን ጡንቻ ራስዎ ካላጠነከሩት ግን ኮረንቲው ጠርቶት ይሄዳል፣ አንጎልዎም መንገዱን ሳያገኘው ይቀራል።

የማይሞክሩት እነማን ናቸው?

ፔስሜከር ወይም ሌላ የልብ ምት መሣሪያ የተተከለላቸው ሰዎች ያለ ልብ ሐኪማቸው ፈቃድ ፈጽሞ አይነኩትም። ነፍሰ ጡር ሆድና ወገቧ ላይ አትጠቀምም። ካንሰር ባለበት ወይም በሚጠረጠርበት ቦታ ላይ፣ በቁስል ላይ፣ በሚመግል ቆዳ ላይ አይለጠፍም። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ራሱና አንገቱ ላይ አያድርገው። የአንገት የፊት ለፊት ክፍል ለማንም ክልክል ነው፤ እዚያ ያለው ነርቭ የደም ግፊትን ድንገት ሊጥልና ጉሮሮን ሊያጨማድድ ይችላል። አንዱን ፓድ ደረት ሌላውን ጀርባ ላይ ማድረግም እንደዚያው።

ጀሶ ለተፈታለት ሰው ይበልጥ የማሳስበው ባቱን ነው። ባትዎ ካበጠ፣ ከሌላው ይልቅ የሚሞቅና ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያንን ማሸትም፣ በኮረንቲ ማጨማደድም የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ እንዲሄድ ሊያደርግ ይችላል። የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ። ወጌሻም ቢሆን እንዲያሽዎ አይፍቀዱ። (ወጌሻ ስል ሁሉንም መውቀሴ አይደለም፤ ውልቃት መመለስ የሚችሉ ብርቱ ሰዎች አውቃለሁ። ያበጠ ባት ግን የእነርሱ ሥራ አይደለም።)

አጥንትዎ በብረትና በብሎን ከታሰረ ይህ ዓይነቱ በአጭር ምት የሚሠራ መሣሪያ በአብዛኛው ችግር አያመጣም። የተሰበረው ራሱ የጉልበት ሎሚ ከሆነ፣ ወይም ከሎሚው በላይ ወይም በታች ያለው ጅማት ተሰፍቶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፊት ጭን ጡንቻ በኃይል ሲጨመደድ የሚጎትተው ያንኑ የተጠገነውን ቦታ ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም «አሁን ጨብጥ» እስኪል ይቆዩ።

ስቴኪኒና ጥጥ

መሣሪያውን ከመክፈትዎ በፊት ቆዳዎ እንደሚሰማ ያረጋግጡ። የማይሰማ ቆዳ መጠኑ ሲበዛ አይነግርዎትም፣ ሲቃጠልም አይነግርዎትም። ለዓመታት በስኳር የቆዩ ሰዎች፣ የሥጋ ደዌ የነርቭ ጉዳት ያደረሰባቸው፣ ከስትሮክ በኋላ ግማሽ አካላቸው የደነዘዘ ሰዎች ይህን ፈተና መዝለል የለባቸውም።

ዓይንዎን ይጨፍኑ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ጭንዎን አንዴ በጥጥ፣ አንዴ በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ ብሎ ይንካዎ፤ ቅደም ተከተሉን እያዘበራረቀ። «ለስላሳ»፣ «ሹል» እያሉ ይመልሱ። ጤነኛውን ጭን አስቀድመው ቢፈትኑ ልዩነቱ ይለይልዎታል። ፓድ በሚለጠፍበት ቦታ ላይ መለየት ካልቻሉ እዚያ ላይ ብቻዎን አይጠቀሙ።

ቆዳውን ማዘጋጀት

ጭኑን በሳሙናና በውሃ ታጥበው በደንብ ያድርቁት። «ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነው የምኖረው» አይበሉ፤ ከጀሪካን የተቀዳ አንድ ጣሳ ውሃና እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ዋናው ቅባቱ መልቀቁ ነው። ቫዝሊን፣ የማሳጅ ቅባት፣ የሕመም ጄል፣ ቅባ ኑግ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ቅባት፣ ሁሉም ኮረንቲው እኩል እንዳይገባ ያደርጉታል። ኮረንቲው ያልተቀባች ትንሽ ቦታ ፈልጎ በዚያች ብቻ ሲገባ ነው ቆዳ የሚቃጠለው። ፀበል የሚጠመቁ ሰው ከሆኑ ከፀበሉ በፊት አይለጥፉት፤ ሲመለሱ ገላዎ ከደረቀ በኋላ ያድርጉት።

ፀጉር ከበዛ በመቀስ ያሳጥሩት። ምላጭ የሚተወው የማይታይ ቁስል ኮረንቲውን ስለሚስብ ያንገበግባል።

ፓዱ የት ይለጠፋል?

ለጭን ሰፋ ያሉ ፓዶች ይሻላሉ፤ 5 በ9 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑት። ከመሣሪያው ጋር የሚመጡት 5 በ5 ከሆኑም ይሠራሉ፣ ግን ትንሽ ይቆነጥጣሉ፤ ፓዱ ሲጠብ ኮረንቲው አንድ ቦታ ላይ ይከማቻልና።

አልጋ ላይ እግርዎን ዘርግተው ጀርባዎን ግድግዳ አስደግፈው ይቀመጡ። ከጉልበት ሎሚ በላይ፣ ወደ ውስጥ በኩል፣ ጤነኛ ሰው ጭኑን ሲጨብጥ ጉብ የሚል ጡንቻ አለ። በጤነኛው እግርዎ ይፈልጉት፤ በታመመው ላይ ምናልባት ጎድጎድ ብሎ ይሆናል። የመጀመሪያው ፓድ እዚህ ነው፤ ከሎሚው ጠርዝ 4 ጣት ያህል ከፍ ብሎ። ሁለተኛው ከጭኑ የላይኛው ሲሶ ላይ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ውጭ ይሆናል። ብሽሽት ውስጥ አይግባ። የጭን ውስጠኛ ገጽም ላይ አይንሸራተት፤ እዚያ ከሄደ እግርዎን ወደ ሌላኛው ጭን የሚስበው ጡንቻ ነው የሚጨመደደው፣ እርስዎም «ሠራ» ብለው ይሞኛሉ።

መሣሪያው ሲለጠፍም ሲላቀቅም መጥፋት አለበት። በርቶ ሳለ ፓዱን ላንሳው ካሉ፣ ፓዱ ሲጋደም የሚነካው ቦታ እየጠበበ ይሄድና በመጨረሻ ይነድፋል።

ትክክለኛው ቦታ ላይ መሆኑን የሚያውቁት በአንድ ምልክት ነው፦ ኮረንቲው ሲመጣ የጉልበት ሎሚው ወደ ላይ፣ ወደ ጭንዎ ይሳባል። ሎሚው ካልተንቀሳቀሰ ወይም ወደ ውጭ ብቻ ከተጎተተ ያጥፉና የታችኛውን ፓድ ሁለት ጣት ያህል ወዲህ ወዲያ ያድርጉት። እያንዳንዱ ጡንቻ ነርቩ የሚገባበት፣ በትንሽ ኮረንቲ ቶሎ የሚነሳበት ነጥብ አለው። ያንን ነጥብ ሲያገኙ ጠርዙን በእስክሪብቶ ያስምሩ፤ ነገ ከዜሮ አይጀምሩም።

ቁጥሮቹ

ገበያ ላይ ያሉት ትንንሽ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሁለት ዓይነት ፕሮግራም አላቸው። ቴንስ የሚባለው ለሕመም ነው፤ ነርቭን ይነዝራል እንጂ ጡንቻ አያበረታም። ለእኛ ሥራ የሚያስፈልገው ኢኤምኤስ የሚለው ነው። ስልክ ቻርጀር በሚመስል ሽቦ ከግድግዳ ተሰክተው የሚሠሩ፣ ስማቸውም ፋብሪካቸውም የማይታወቅ መሣሪያዎችን አይግዙ። በሚሞላ ባትሪ የሚሠራ ከሆነ እየተሞላ ሳለ አይጠቀሙበት። ሰፈራችን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ምን ያህል እንደሚዘል የተቃጠለ ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የቤት ውስጥ ጠቢብ ነኝ ብሎ ከድሮ ቻርጀር ማነቃቂያ የሚሠራ ጎረቤት ቢያጋጥምዎ ቡና አጠጥተው ይሸኙት።

ቁጥሮቹን ማስተካከል የሚቻልበት መሣሪያ ከሆነ እንዲህ ያድርጉት። ፍሪኩዌንሲውን፣ ማለትም በሴኮንድ የሚመጣውን የምት ብዛት፣ ከ35 እስከ 50 ሄርዝ፤ ከ20 በታች ከሆነ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጨበጥም፣ በጣም ከጨመሩት ደግሞ ቶሎ ይደክማል። የምቱን ርዝመት ከ300 እስከ 400 ማይክሮ ሴኮንድ፤ ጭን ትልቅ ጡንቻ ስለሆነ አጭሩ ምት አይደርስለትም። ራምፕ የሚለውን፣ ማለትም ኮረንቲው ቀስ ብሎ የሚወጣበትን ጊዜ፣ 2 ሴኮንድ። ሥራው 10 ሴኮንድ፣ እረፍቱ 50 ሴኮንድ። እየበረቱ ሲሄዱ እረፍቱን ወደ 30 ያወርዱታል።

ቁጥር የማይነካበት፣ «ፕሮግራም 1፣ 2፣ 3» ብቻ የሚል መሣሪያ ከሆነስ? አንድ በአንድ ይሞክሯቸው፤ የሚፈልጉት ጨብጦ የሚያቆይና በመካከል ረዘም አድርጎ የሚያሳርፈውን ነው። ሳያቋርጥ የሚነዝረው ወይም ቶሎ ቶሎ የሚመታው የእርስዎ አይደለም።

ሥራው

ከጉልበትዎ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ወይም የታጠፈ ጋቢ ያስገቡ፤ ጉልበትዎ በትንሹ እንዲታጠፍ። ከታመመው እግር በፊት መሣሪያውን አስታማሚው በገዛ ክንዱ ላይ ይሞክረው። እንዲህ ሲሆን ፍርሃቱ ለሁለታችሁም ይቀንሳል፣ ብልሽት ካለም ቀድሞ ይታወቃል።

ያብሩትና መጠኑን ከዜሮ አንድ አንድ እያሉ ይጨምሩ፤ የሚጨምሩት ግን ኮረንቲው በሚሠራበት 10 ሴኮንድ ውስጥ ብቻ ነው። በእረፍቱ ከጨመሩ ሲመለስ ድንገት ይመታዎታል። መጀመሪያ ይነዝርዎታል፣ ቀጥሎ ጭንዎ ይንቀሳቀሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ሎሚው ሽቅብ ይሳባል። እዚያ አያቁሙ። ደስ የማይል ግን የሚቻል እስከሚሆን ድረስ ከፍ ያድርጉት፤ ጡንቻን የሚያበረታው ጠንካራ መጨበጥ ነው፤ ማሽኮርመም ጡንቻ አይሠራም። ፊትዎን የሚያስጨፍግግ ሕመም ካለ፣ ወይም ከፓዱ አንዱ ጠርዝ ላይ መርፌ ወጋኝ የሚያሰኝ ነገር ካለ ግን ያጥፉና ፓዱ በሙሉ መለጠፉን ይዩ።

አሁን ዋናው ይመጣል። ኮረንቲው ሲነሳ፣ አብረው ይጨብጡ። ጉልበትዎን ወደ ታች ጋቢው ላይ ይጫኑ፣ የእግርዎን ጣቶች ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ተረከዝዎን ከፍራሹ ያስነሱ። ዓይንዎ ጭንዎ ላይ ይሁን። ኮረንቲው ሲወርድ እርስዎም ይልቀቁ፣ ትንፋሽዎን አይያዙ። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ከ1 እስከ 10 ጮክ ብሎ ቢቆጥርልዎ ጥሩ ነው፤ ልጆች በዚህ ሥራ ላይ ከአዋቂ ይልቅ ጨካኝ አሠልጣኞች ናቸው፣ «እማዬ አልጨበጥሽም!» ይላሉ።

ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይበቃል። በኋለኞቹ ላይ ጡንቻው እየላላ ከሄደ መጠኑን በትንሹ ይጨምሩ። ሲጨርሱ መሣሪያውን አጥፍተው፣ ፓዱን አንስተው፣ ወዲያውኑ ያለ ኮረንቲ ደግሞ 5 ጊዜ ያህል ይጨብጡ። ጡንቻው አሁን ነው መንገዱ የተከፈተለት። ብዙ ሰው በዚህች ደቂቃ «እንዴ! ራሱ ተንቀሳቀሰ» ይላል፣ እኔም ከማሽኑ ሁሉ የምወድደው ይህችን ነው።

በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከል አንድ አንድ ቀን እያሳረፉ። በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያደርጉ አሉ፤ ቶሎ ለመዳን ነው፣ ግን የደከመ ጡንቻ አይሰባም።

በማግስቱ

ፓዱ የነበረበት ቦታ ትንሽ ቀላ ብሎ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ጭኑ በማግስቱ ቢያምዎ፣ ተራራ የወጣ ሰው እንደሚያመው ነው፤ በሁለት ቀን ካልለቀቀ በሚቀጥለው መጠኑን ይቀንሱ። ቅላቱ በማግስቱም ካለ፣ ከፈነዳ ወይም ሽፍ ካለ ማጣበቂያው አልተስማማዎትም ማለት ነው፤ ሌላ ዓይነት ፓድ ይፈልጉ። ጉልበቱ ራሱ ካበጠ ወይም ከሞቀ ያቁሙ።

መሻሻልን በልብስ ሰፊ ሜትር ይከታተሉ። ከሎሚው በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ የሁለቱንም ጭን ዙሪያ ለክተው በየሁለት ሳምንቱ ይጻፉ። ልዩነቱ ቶሎ ባይጠብ አይደንግጡ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሻሻለው ትእዛዙ ነው፣ ሥጋው ዘግይቶ ይመጣል። ከሜትሩ ይልቅ የሚናገረው ወንበር ነው፦ እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበር ተነስተው መቀመጥ ይችላሉ? ስንት ጊዜ? እግርዎን ቀጥ አድርገው ሲያነሱስ ጉልበቱ ይታጠፋል ወይስ ቀጥ ይላል?

ጡንቻው ራሱ ቀጥ አድርጎ ማንሳት ከቻለ ኮረንቲው ቀስ በቀስ ሥራውን ጨርሷል። ከዚህ በኋላ አሠልጣኙ ደረጃው ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት የለውም ብለን ስናማርር ቆይተናል፣ አሁን ይጠቅማል። መደገፊያውን ይዘው፣ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም። ሐኪም እግርዎን እንዲረግጡበት ከፈቀደ በኋላ ብቻ ነው ታዲያ።

ፓዱ በትክክል ተለጥፎ፣ ነዘራው እየተሰማዎ፣ መጠኑም ከፍ ብሎ ጡንቻው ፍንክች ካላለስ? እንግዲህ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ማነቃቂያው የሚቀሰቅሰው ነርቩን ነው ብለናል፤ ነርቩ ከተበጠሰ ወይም ከሞተ የሚቀሰቀስ የለም። ነርቩን ያጣ ጡንቻ ራሱ በኮረንቲ እንዲነሳ ከተፈለገ ምቱ በማይክሮ ሴኮንድ ሳይሆን በሚሊ ሴኮንድ የሚለካ መሆን አለበት፤ የቤቱ መሣሪያ ያንን አይሰጥም። መቀመጫው ላይ መርፌ ተወግቶ እግሩ የሰለለ ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን መሣሪያ ገዝተው ወራት ሲያባክኑ አያለሁ። ገንዘቡን የነርቭ ምርመራ ላይ ያውሉት።

ለሌላው ሕመምስ?

ለወገብ ሕመም ቴንስ የሚጠቀሙ ሰዎች፣ አሠራሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የሕመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት የመዳሰስ ነርቮች ሲነቁ አከርካሪ ላይ የሕመም መልእክት የሚያልፍበትን በር ያጠቡታል፤ የተመታ ክርናችንን የምናሸው ለዚያ ነው። ፍሪኩዌንሲ ከ80 እስከ 100 ሄርዝ፣ ምቱ 100 ማይክሮ ሴኮንድ አካባቢ፤ ፓዶቹ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፤ ጠንከር ያለ ነዘራ እንጂ ጡንቻ የሚያጨማድድ አይሁን። ለ30 ደቂቃ ያህል። ተለጥፎ አይተኛም፣ መኪናም አይነዳም። ግን ብዙ አይጠብቁበት፤ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለወገብ ሕመም ቴንስ እንዳይታዘዝ መክሯል። ለጊዜው ሲያስታግስልዎ ተነስተው ከተራመዱበት ግን ጥቅም አለው። ወገብዎ እያመመ ማታ ማታ የሚያልብዎ፣ የሚያተኩስዎና የሚያከሳዎ ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎ ወይም ሁለቱም እግርዎ ከሰነፈ ደግሞ ዛሬውኑ ሆስፒታል።

ስትሮክ መትቶት እጁ ያልተነሳለት ሰው ላይ አንዱ ፓድ ከክርን በታች በውጪው በኩል፣ ሌላው የክንዱ ጀርባ መሀል ላይ ሲሆን አንጓው ይነሳል፣ ጣቶቹም ይዘረጋሉ። ፊት ለፊቱ ስኒ ያስቀምጡለትና እጁ ሲከፈት ወደ ስኒው ይላክ። ትከሻው ከቦታው ከወረደ ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በእጁ ሳያሳያችሁ አትጀምሩ።

ፊት ላይ አይሞከርም። ጠዋት ሲነሳ ፊቱ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ ሰው «ብርድ መታው» ተብሎ ቤት ሲቀመጥ ያመለጠው መድኃኒት አለ፤ ስትሮክ አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ፕሬድኒሶሎን የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሲጀመር ነው።

ሆድ ያጠፋል ተብሎ ስለሚሸጠው ቀበቶ ብዙ አልልም፤ ስብ አያቃጥልም። ኮረንቲ የሚለቅ ሙሉ ልብስ ለብሰው ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች በመጀመሪያ ቀን ከመጠን በላይ ከጨመሩ ጡንቻቸው ፈርሶ ኩላሊታቸውን ሊጎዳ ይችላል፤ ሽንት ከጠቆረ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው።

የፓድ አያያዝ

የሚጣበቀው ፓድ በአግባቡ ከተያዘ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያገለግላል። የእኛ ሰፈር አቧራ ከበጋው ደረቅ አየር ጋር ቶሎ ይገድለዋል። ሲያነሱት ጠርዙን ይያዙ እንጂ ሽቦውን አይጎትቱ። ወዲያው ፕላስቲኩ ላይ መልሰው ከረጢቱን ዝጉት። ማጣበቁ ሲቀንስ በጣትዎ አንድ ሁለት ጠብታ ንጹሕ ውሃ ቀብተው ትንሽ ይጠብቁ። ጥግ ጥጉ ተነስቶ አልጣበቅም ካለ በፕላስተር አይጫኑት፤ መሀሉ ብቻ የነካ ፓድ ያቃጥላል፣ ይጣል። ጥቁሩ የጎማ ፓድ ካለዎ በአልትራሳውንድ ጄል ይሠራል፤ ጄሉ አለቀ ተብሎ ቫዝሊን አይተካውም፣ ኮረንቲ አያሳልፍም። ፓድ ከሰው ጋር አይዋሱ፤ መሣሪያውን ለጎረቤት ቢያውሱ እንኳ ፓዱን የየራሳቸው ይግዙ።